ከመሄዳችሁ በፊት ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ

ውጭ አገር በበጎ ፈቃድ ስታስተምሩ ቆይታችሁ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለተተኪው መምህር የርክክብ ማስታወሻ ጻፉ መባላችሁ አይቀርም። ችግሩ፣ ቁጭ ብሎ ከጭንቅላት የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ መጽሐፉን ገልጦ የሚያገኘው ነገር ነው።

ይልቅ የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ሳምንታት ክፍሉን ለእሱ ልቀቁና ደብተር ይዛችሁ ኋላ ተቀመጡ። ዘወር ብሎ የጠየቃችሁን ሁሉ በራሱ አነጋገር ጻፉት፦ «የመጽሐፍ ሣጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»፣ «ይቺ ልጅ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ፊት የምትቀመጠው?» (ሰሌዳው ከሩቅ ስለማይታያት ነው፤ ይህን ከእናንተ ሌላ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል።) መልሱን አጠገቡ አስፍሩ። ማስታወሻው ያው እሱ ነው።

በየቀኑ በልማድ የምናደርገው ነገር ለእኛ አይታየንም፤ የሚጎድለውን የሚያየው አዲሱ ሰው ነው። ተማሪዎቹም እናንተ እያላችሁ ይለምዱታል። ከባዱ ዝም ማለቱ ነው፤ ሲሳሳት ስታዩ አፋችሁን ይበላችኋል።

ፈተና በተቃረበበት ሳምንት ግን አትሞክሩት። ተተኪ ገና ካልተመደበ አብሯችሁ የሚያስተምረው የአገሩ መምህር በተተኪው ቦታ ክፍሉን እንዲይዝላችሁ ጠይቁት፣ ጊዜ ካለው።