ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊት፦ በሥነ ልቦና ምርመራው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ጥገና ለማድረግ የወሰነ ሰው ከሳይኮሎጂስት ፊት መቀመጡ አይቀርም። አብዛኞቹ ማዕከላት ይህን ምርመራ ይጠይቃሉ። ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ሪፖርቱን ሳያዩ ክፍያ አይፈቅዱም። የኛ ሰው የደሙን፣ የልቡን፣ የእንቅልፉን ምርመራ ያለ ቅሬታ ይጨርስና እዚህ ሲደርስ ፊቱ ይለወጣል። «ምን ሆንኩና ነው የአእምሮ ሐኪም ጋ የሚልኩኝ?» ይላል።

ምንም አልሆኑም። ሌላውም ታካሚ ይላካል። ሐኪሞቹ ማወቅ የሚፈልጉት ጨጓራዎ ካነሰ በኋላ የሚመጣውን ኑሮ እንዴት እንደሚይዙት ነው። ምግቡ፣ መጠጡ፣ መድኃኒቱ፣ ስሜቱ፣ ከቤተሰብ ጋር ያለው ነገር ሁሉ ይቀየራል። አብዛኛው ሰው ምርመራውን ያልፋል። እኛን የሚያስቸግረን ብዙ ጊዜ አመላለሳችን ነው። ለእርስዎ ወይም ለእናትዎ ቀጠሮ ከተያዘ እነዚህን ነገሮች ከወዲሁ ያስቡባቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መጨረስ

ያደግንበት ነው። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለን ችግራችንን አንዘረዝርም። ለማናውቀው ሰው ገበናችንን አንከፍትም። በሰላምታ ላይ ይህ ጨዋነት ነው። ሳይኮሎጂስት ፊት ግን ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት እንደማስረከብ ይሆናል።

ከቃለ መጠይቁ ጋር የሚሞሉ ቅጾች አሉ። አንዱ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ሊሆን ይችላል። ባለፉት 2 ሳምንታት ስለነበረዎት ስሜት፣ እንቅልፍ፣ ጉልበትና የምግብ ፍላጎት 9 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ በአማርኛም አለ። ረጃጅሞችም አሉ። ኤምኤምፒአይ-3 የሚባለው 335 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ እያንዳንዱን «እውነት» ወይም «ሐሰት» እያሉ ይመልሳሉ። እንዲህ ያለው መጠይቅ ራሱን አሳምሮ የሚያቀርብን ሰው የሚለይበት መለኪያ በውስጡ አለው። «ተናድጄ አላውቅም፣ ከፍቶኝ አያውቅም፣ ሰው አስቀይሜ አላውቅም» እያሉ ከሞሉት ሪፖርቱ ላይ መልሶቹ ብዙም እንደማያስተማምኑ ይጻፋል። ከዚያ ሌላ ቀጠሮ ይከተላል። ሳምንታት ይባክናሉ።

የሚጠቅም መልስ ይህን ይመስላል፦ «አምና እናቴ አዲስ አበባ አረፈች። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለወራት እንቅልፍ አጣሁ፤ ሌሊት እየተነሳሁ እበላ ነበር። አሁን ሻል ብሎኛል። ግን ሲከፋኝ እጄ አሁንም ወደ ምግብ ይሄዳል።» እንዲህ ብላ የመለሰች ሴት ምንም አታጣም። ባለሙያው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐዘን ቢመጣባት ምን እንደምታደርግ አብሯት ማሰብ የሚችለው ይህን ስትነግረው ነው።

የቆየ ሕመምንና መድኃኒትን መደበቅ

«ድብርት ነበረኝ ካልኩ ይከለክሉኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ውስጥ አለ። የታከመና የተረጋጋ ድብርት ወይም ጭንቀት ብቻውን ቀዶ ጥገናን አያስከለክልም። የሚያዘገየው አሁን ያለና ያልታከመ ከባድ ሕመም ነው፤ ለምሳሌ ከእውነታ መለየት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ቁጥጥር ያጣ ሱስ።

መደበቁ ደግሞ በቀጥታ አካልን ይጎዳል። ባይፓስ የሚባለው፣ ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ይለውጣል። ቀስ እያሉ እንዲሟሟ ተደርገው የተሠሩ ክኒኖች እንደ በፊቱ ላይሠሩ ይችላሉ። ሊትየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወጣ ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ይህን ማስተካከል የሚችለው መውሰድዎን ካወቀ ነው። የመድኃኒቶችዎን ስምና መጠን ጽፈው ይሂዱ፤ ወይም ጠርሙሶቹን በፌስታል ይዘው ይሂዱ።

ታሪካችን ሁልጊዜ በሐኪም ቋንቋ አልተጻፈም። ብዙዎቻችን ሲጨንቀን የሄድነው ጠበል ነው። ከሰው ተለይተን የተኛንባቸውን ወራት «መንፈስ ነው» ተብለን አልፈናቸዋል። ይህንኑ እንደሆነው ይናገሩ፦ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚሰማዎት፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ጠበሉ ምን እንደረዳዎት። በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ያለፈ፣ ወይም ዓረብ አገር በሰው ቤት ሲሠራ የተበደለ ሰውም ዝርዝሩን ሁሉ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። «ከባድ ነገር አሳልፌአለሁ፤ አሁንም በቅዠት ይመጣብኛል» ማለት ይበቃል።

ስለ ራስን ማጥፋት ሐሳብ መጠየቅዎም አይቀርም። የሚጠየቀው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ዓመታት አንዳንድ ሰዎች ላይ ይህ አደጋ ከፍ ብሎ ስለታየ ነው። ሐሳቡ አሁን ካለዎት ቀጠሮውን አይጠብቁ፤ አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ወደ 988፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ሰዎች ወደተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ ይደውሉ።

የምግቡን ነገር ማሳመር

«ሰላጣ፣ ዓሣ፣ ትንሽ እንጀራ» የሚል መልስ ሳይኮሎጂስቶች በየቀኑ ይሰማሉ።

እንበል አንዲት እህታችን ሜሪላንድ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ማታ ማታ ትሠራለች። ሌሊቱን በቡናና በብስኩት ትገፋዋለች። ጠዋት ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ቤት ስትገባ 3 ሰዓት ይሆናል። ድስቱን ከፍሪጅ ታወጣለች። ሳታሞቀው፣ እንደቆመች፣ እንጀራ እየቆረሰች ከድስቱ ትበላለች። ጠግባ እንኳ እጇ አይቆምም። ከዚያ ባሏ ሳያይ ድስቱን አጥባ ትሰቅለዋለች፤ ከዚያም እያለቀሰች ትተኛለች።

ባለሙያው ከምግቡ ዓይነት ይልቅ የሚፈልገው «ማቆም አቅቶሽ ነበር?» የሚለውን ነው። በዓል ላይ ዶሮ ወጥ አብዝቶ መብላት አንድ ነገር ነው። መቆጣጠር እስኪያቅት መብላት፣ በሳምንት ቢያንስ አንዴ፣ ለ3 ወር ያህል ከቀጠለ ግን ሕክምና ያለው ሕመም ነው። አስቀድሞ ከታወቀ ይታከማል፤ ቀዶ ጥገናውም ይቀጥላል። ተደብቆ ከሄደ ግን ትንሿ ጨጓራ ውስጥም ይከተላል፤ በአንዴ መብላት ሲያቅት ቀኑን ሙሉ መቃመስ ይጀመራል። እዚህ ላይ የኛን ቆሎ አስቡት። ቡና ሲፈላ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦ፤ ሁለተኛው ሲቀዳ እንደገና። ማንም እንደ ምግብ አይቆጥረውም። ሲጠየቁ ይቁጠሩት።

ጾሙንም ይናገሩ። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ከሆነ፣ ያ ሁሉ ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ያልፋል ማለት ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደግሞ በቀን 60 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈለጋል። ውኃም በአንዴ መጠጣት ስለማይቻል ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ መግባት አለበት። እስከ 9 ሰዓት አፍ ሳይፈቱ መቆየት ወይም የረመዳን ጾም ከዚህ ጋር ይጋጫል። መፍትሔ አለው፤ ግን ከምግብ ባለሙያው ጋር፣ ከንስሐ አባትዎ ወይም ከኢማምዎ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል። ሳይኮሎጂስቱ ስለ ጾም ምንም ላያውቅ ይችላል፤ ካልነገሩት አይጠይቅዎትም።

መጠጡን፣ ሺሻውንና ጫቱን «አልፎ አልፎ» ማለት

«አልፎ አልፎ» ቁጥር አይደለም። ቅዳሜ ማታ ስንት ቢራ? ማኅበር ላይ ስንት ብርጭቆ ጠጅ? በቁጥር ይመልሱ።

ይህን የሚጠይቁበት ከባድ ምክንያት አለ። ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም በጣም ቶሎ ይገባል። በፊት ሁለት ብርጭቆ ወይን የማያንቀሳቅሰው ሰው በአንዱ ሊሰክር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ከቀዶ ጥገናው በፊት ከነበረው ይልቅ በሁለተኛው ዓመት ከፍ ብሎ እንደተገኘ፣ በተለይም ከባይፓስ ጋር እንደተያያዘ አሳይቷል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም ስላለፈ ሰው ይዘናጋል።

ሺሻም ትንባሆ ነው፤ ኒኮቲን አለው። ብዙ ማዕከላት በደም ወይም በሽንት ይመረምራሉ፤ ማጨስ ደግሞ ከባይፓስ በኋላ ቁስለት ያመጣል። ጫት አሜሪካ ውስጥ ሕገ ወጥ ስለሆነ መናገሩ ያስፈራል። ሆኖም የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም የሚዘጋ ነገር መሆኑን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የሚናገሩት በሕክምና ምስጢር የተጠበቀ ነው። ሪፖርቱ ለቀዶ ጥገና ቡድኑና ለኢንሹራንሱ ይሄዳል እንጂ ለአሠሪዎ፣ ለዘመድዎ ወይም ለቤተ ክርስቲያንዎ አይሄድም። ምስጢሩ የሚከፈተው እንደ ሕፃን ጥቃት ወይም በራስ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ እንዳንዣበበ አደጋ ላሉ ጥቂት ነገሮች ነው። ገና ሲጀመር ሪፖርቱ ማን ጋ እንደሚሄድ ይጠይቁ።

ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ መሄድ

ይህ በጣም ያሳስበኛል። የ12 ዓመት ልጅ እናቷን «ራስሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላ መጠየቅ የለባትም። እናትየዋም ልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም። ባል ሲያስተረጉምም ስለ ትዳር የሚጠየቀው ሁሉ «ጥሩ ነው» ሆኖ ይወጣል።

ኦባማኬር የምንለው እ.ኤ.አ. የ2010 የጤና ሕግ ክፍል 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያዛል። ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎምም ይከለክላል። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ሴት ወይም ወንድ እንዲሆን መጠየቅም ይቻላል። አስተርጓሚው የሰፈር ሰው ይሆናል ብለው ከሰጉ በስልክ፣ ከሌላ ስቴት እንዲሆን ይጠይቁ። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ከሆነና ካልገባዎት ገምተው አይሙሉት፤ ያልገባዎትን ይናገሩ። ቀጠሮውንም ለእረፍት ቀንዎ ያድርጉት። ከማታ ሥራ ወጥቶ 300 ጥያቄ መሙላት ከባድ ነው።

ቀዶ ጥገናውን ሳያውቁ መቅረብ

«ምን እንደሚደረግልዎት ይንገሩኝ» ይባላሉ። ስሊቭ በሚባለው ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ አይመለስም። ባይፓስ ላይ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተሠርታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ማርገዝ አይመከርም፤ ከባይፓስ በኋላ በአፍ የሚወሰድ የወሊድ መቆጣጠሪያም ላያስተማምን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ምን እንደሚጠብቁ ይጠየቃሉ። «ባሌ ይመለስልኛል» ብላ የምትገባ ሴት ክብደቷ ቀንሶ ባሏ ካልተመለሰ ማን ያነሳታል? «ደረጃ ስወጣ እንዳያለከልከኝ፣ ስኳሬ እንዲቀንስ» የሚል መልስ ጤነኛ ተስፋ ነው።

ከሁሉም ሰው ደብቆ መግባት

ለሁሉም ማውራት ግዴታ አይደለም። ለማንም አለመናገር ግን ይጎዳል፤ ሳይኮሎጂስቱም ማን እንደሚያግዝዎት በስም ይጠይቃል። ከሆስፒታል ማን ይወስድዎታል? መጀመሪያ ሳምንት ልጆቹን ማን ያያል?

የኛ አገር ሰው የከሳ ሰው ሲያይ «ምነው አመመህ?» ይላል። ከዚያ የባሰም ይጠረጥራል፤ ያወራልም። የወፈረውን «ተመችቶሃል» ብሎ ያሞግሰዋል። ሠርግ ላይ ጉርሻው ይመጣል፤ እምቢ ሲሉ «ንቀህኝ ነው?» ይከተላል። በዚያች ጨጓራ አንድ ትልቅ ጉርሻ ሕመምና ማስታወክ ሊያመጣ ይችላል። አጠገብዎ ተቀምጣ «ሐኪም ከልክሏታል፣ ተዋት» የምትል አንዲት እህት ወይም ጓደኛ ከወዲሁ ያዘጋጁ። ስሟንም ለሳይኮሎጂስቱ ይንገሩ።

«ይቆይ» ሲባል ማኩረፍ

ውጤቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ይቀጥል፤ ይህን ይህን ካሟላ ይቀጥል፤ ለጊዜው ይቆይ። የመጨረሻውን የሰማ ሰው ሌላ ማዕከል ሄዶ ታሪኩን ይቀይራል፤ ወይም ይህን ምርመራ የማይጠይቅ ክሊኒክ ፈልጎ ሜክሲኮ ወይም ቱርክ ይበራል። ቀዶ ጥገናው እዚያም ይሠራል። ሲመለስ ግን የሚከታተለው ቡድን ላያገኝ ይችላል።

«ይቆይ» ካሉዎት ምን እንደሚጎድል በጽሑፍ ይጠይቁ። ስንት ወር ሕክምና ይፈልጋሉ? ደብዳቤውን ማን ይጻፍ? ማን ጋ ይላክ? እንደገና የሚታየው መቼ ነው? ቀጠሮውን እዚያው ሳይወጡ ያስይዙ። ከቀዶ ጥገናው በኋላም ያንኑ ሳይኮሎጂስት ማግኘት ይችሉ እንደሆነ በዚያው ይጠይቁ፤ ብዙ ማዕከላት ይህን ያደርጋሉ።