ሴራሚኩ ሳይለጠፍ የምጣዱን መስመር አስቡ

ወጥ ቤት ስታድሱ፣ ግድግዳው ገና ሳይለሰን ለኤሌክትሪክ ምጣዱ የራሱን መስመር አስዘርጉ። ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ይደርሳል። የተለመደው ሶኬት ግን የተሠራው ለ16 ነው፤ ጋገራው ሲረዝም መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ስለዚህ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከነግራውንዱ (ከመሬት ማያያዣ ሽቦው ጋር)፣ ለብቻው ባለ 25 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ)፣ በሶኬት ፈንታም ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ ይግባለት። ማብሪያው ከምጣዱ ጎን እንጂ ከበላዩ አይሁን፤ እንፋሎት ይገባበታል። የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ካቢኔትም ከላዩ አታሰቅሉ፣ ጠርዙ ያብጣል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ከወደቀ ሽቦውን አስፈትሹ። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን በትልቅ መተካት (ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው) እሳት መጥራት ነው።