ለቦንሳይ ማሳያ የሚሆን የእባጭ ጣውላ አሠራር

ጃፓኖች ቦንሳይን፣ ማለትም ሸክላ ውስጥ እያሳነሱ የሚያሳድጉትን ዛፍ፣ ለእንግዳ ዓይን ሲያቀርቡ ሸክላውን ባዶ ወለል ላይ አያሳርፉትም። ከሥሩ አንድ ነገር ይገባል፤ እግር ያለው ጠረጴዛ ከሆነ «ሾኩ»፣ እግር የሌለው ስስ ጣውላ ከሆነ «ጂኢታ» ይሉታል። ጂ መሬት፣ ኢታ ደግሞ ሳንቃ ማለት ነው። ጣውላው የዛፉ መሬት ሆኖ መታየት አለበት፤ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ልክ፣ ውፍረትና አጨራረስ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሣል።

ሁሉም ዛፍ ጂኢታ አይስማማውም። ግንዱ የከበደ ጥቁር የጃፓን ጥድ እግር ያለው ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ወደ ታች የሚንጠለጠል ዛፍ ረጅም ማቆሚያ ካላገኘ ጫፉ መሬት ይነካል። ጂኢታ የሚያምረው ቀጭንና ረጅም ግንድ ላለው «ቡንጂን» ለሚባለው ቅርጽ፣ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ በደን መልክ ለተተከሉ ዛፎች፣ በድንጋይ ላይ ለበቀሉና ቅጠላቸውን ለሚያረግፉ ዛፎች ነው።

ልኩን ከእንጨቱ በፊት ወስኑ። የሸክላው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጣውላው ከ45 እስከ 50 ቢሆን፣ ከፊት ወደ ኋላ ደግሞ ሸክላው 20 ከሆነ ጣውላው ከ28 እስከ 30 ቢሆን ጥሩ ነው። ቁመታቸው ከ20 ሳንቲ ሜትር ላልበለጠ ዛፎች ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ለመካከለኛ ዛፍ ከ20 እስከ 25። ከሸክላው ቁመት የሚወፍር ጣውላ ዛፉን ይውጠዋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ያገኙት እንጨት ስለሚያምር ማሳነስ ያሳዝናቸዋል።

እባጩን መምረጥ

እባጭ፣ ፈረንጆቹ «በርል» የሚሉት፣ በግንድ ወይም በሥር አካባቢ የተኙ እምቡጦች ሳይበቅሉ በብዛት ተጨናንቀው የሚፈጥሩት እብጠት ነው። ክሩ እንደ ተራ ጣውላ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ በእያንዳንዷ እምቡጥ ዙሪያ ይጠመዘዛል። ውበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ነው። አንዱ ቦታ በርዝመቱ ሲሸበሸብ አጠገቡ ያለው በጎኑ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ በመላጊያ ሲነካም እየተቦጨቀ ይነሣል።

በጃፓን ኬያኪ የተባለው ዛፍ፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዋልነትና ሬድውድ፣ በሞሮኮ ደግሞ የኤሳዊራ አናጢዎች ከሥሩ ቆፍረው የሚያወጡት የቱያ እባጭ የታወቁ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የወይራ ጉቶ ነው። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅባት ያለውና ሥዕሉ የጠራ ነው፤ ለማጠኛና ለማገዶ ከሚሸጠው ክምር ውስጥ የተጠማዘዘ ጉቶ አይጠፋም። ባህር ዛፍም ተደጋግሞ ተቆርጦ ሲያቆጠቁጥ ከሥሩ ያብጣል። ነገር ግን ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ውስጡ ይሰረጉዳል፤ ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ወጣ ገባ ይሆናል። እሱን የምትሠሩ ከሆነ ሁለት እጥፍ ወፍራም አድርጋችሁ ቁረጡ።

ከቆመ ዛፍ ላይ እባጭ አትቁረጡ። የሚተወው ቁስል ሰፊ ነው፤ በሽታና ምስጥ በዚያ ይገባል። በካሊፎርኒያ የሬድውድ ፓርክ የእባጭ ሌቦች ስለበዙ እ.ኤ.አ. በ2014 በፓርኩ የሚያልፈው መንገድ ሌሊት ሌሊት እስከ መዘጋት ደርሷል። ተቆርጦ የመጣ ስትገዙም ከየት እንደመጣ ጠይቁ።

መቁረጥና ማድረቅ

የእባጩ ዓይኖች፣ ማለትም ክሩ የሚጠመዘዝባቸው የእምቡጥ ነጥቦች፣ ከግንዱ ወደ ውጪ ልክ እንደ ጨረር ይወጣሉ። መጋዙ ከግንዱ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ከሄደ ዓይኖቹ በወርዳቸው ስለሚቆረጡ ክብ ክብ ሆነው ይታያሉ፤ ከጉልላቱ ወደ ግንዱ ከሰነጠቃችሁት ግን ረጃጅም ሰረዞች ይሆናሉ። ለጂኢታ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ዙሪያውን ሁሉ የተፈጥሮ ጠርዝ ይዞ ይወጣልና። 2 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሚያልቅ ጣውላ 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጥ። ከግንዱ እንብርት ያለበትን ክፍል አስወግዱ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እባጩን በእርጥቡ ቶሎ ሰንጥቁት። ድፍኑን ካስቀመጣችሁት ከውጪ ደርቆ ይጠብቃል፣ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፤ በመጨረሻ እስከ ልቡ ይሰነጠቃል። ዛሬ መሰንጠቅ ካልቻላችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም በላስቲክ ጥቅልል አድርጉት።

እንደተሰነጠቀ ቀቡት። በተራ ጣውላ ጫፉን ብቻ መቀባት ይበቃል፤ እባጭ ላይ ግን የክር ጫፍ በየቦታው ስለሚወጣ መላ ፊቱ ይቀባል። የሻማ ሰም በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ቀልጦ በብሩሽ ይቀባል (በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ጭሱ ይቀጣጠላል)። ሰም ከሌለ ነጭ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሠራል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በራሱ ሰጋቱራ በተሞላ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አቆዩት። ሻጋታ ከታየ ከረጢቱን ከፈት አድርጉ፣ እርጥብ ሰጋቱራውንም ለውጡ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ ደግሞ ማድረቁ ፈጥኗልና አንድ ከረጢት ጨምሩ።

ሁለት ወር ሲሞላው አውጥታችሁ ጥላ ቦታ ደርድሩት። በጣውላዎቹ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ እንጨቶች በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ይግቡ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ በቀጥታ ይሁን። ከላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይጫን። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካስቀመጣችሁት የቀትሩ ሙቀት ያፈጥነዋልና ለበጋው ሌላ ቦታ ፈልጉ። ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት የሚለው የአናጢዎች ልማድ መነሻ ይሆናል እንጂ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ሚዛን ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በተጠማዘዘ ክር ላይ ያሳስታል። ጣውላውን በየሁለት ሳምንቱ መዝኑና ክብደቱን ጀርባው ላይ በእርሳስ ጻፉ። 2,000 ግራም የሚመዝን ጣውላ በሦስት ተከታታይ ምዘና ልዩነቱ ከ10 ግራም ካልበለጠ ደርቋል። ከዚያም ወደፊት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ወር ይቆይ። ብዙ የተበላሹ ጂኢታዎችን ያበላሸው የዚህች ወር መዘለል ነው፤ ግቢ ውስጥ የደረቀ እንጨት ቤት ሲገባ እንደገና ይሸበሸባል።

ማስተካከል

በእጅ መላጊያ ብቻ መጀመር አይመከርም፤ ዓይኖቹን ነቅሎ ጉድጓድ ይተዋል። በመላጊያ ማሽን ማስገባትም አደገኛ ነው፤ ቁራጭ ተነቅሎ ሊወረወር ይችላል። የሚሻለው ራውተር (በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚልግ የእጅ ማሽን) በተንሸራታች ወንበር ላይ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በግራና በቀኝ እኩል ቁመት ይዘው ይታሰራሉ፤ ውኃ ልክ ያዙባቸው። በላያቸው ራውተሩን የተሸከመ ድልድይ ይንሸራተታል። እባጩ መሐል ገብቶ የሚንገዳገድበት ቦታ ሁሉ በቀጭን ሽብልቅ ይደገፋል፤ ሽብልቆቹም በትኩስ ኮላ ይያዛሉ። ሳይደገፍ የተላገ ጣውላ ሲጫን ጎንበስ ይላል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ የተላገውም ፊት ጠማማ ሆኖ ይቀራል።

ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ምላጭ ይሁን። መጀመሪያ በአንድ ዙር 2 ሚሊ ሜትር፣ መጨረሻ ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥ። ከሁለቱም ፊት እኩል አንሡ። አንዱን ፊት ብቻ ላግ አድርጋችሁ ከጨረሳችሁ አዲስ የተከፈተው ፊት እርጥበቱን በሌላ ፍጥነት ይለቃል፤ በማግስቱ ሳህን መስሎ ታገኙታላችሁ። ሁለቱን ፊት ካስተካከላችሁ በኋላ ከተፈላጊው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትታችሁ፣ ነፋስ በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው አድርጋችሁ በጎኑ ለሁለት ሳምንት አቁሙት። ከዚያ የመጨረሻውን ላጉ። ራውተር የሌለው ሰው በግራይንደር ላይ 40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ገጥሞ፣ ቀጥ ያለ ማስመሪያ እያጋደመ፣ ከፍ ያለውን በእርሳስ እያቀለመ ሊያስተካክለው ይችላል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ይወጣል። በሁለቱም መንገድ ጥሩ የአፍ መሸፈኛ ይደረግ፤ የእንጨት ብናኝ ሳንባን ይጎዳል።

ልጡ ይነሣ። ልጥ ያለበት ጂኢታ ለጊዜው የገጠር መልክ ይሰጣል፣ ግን በዓመት ውስጥ እየተፈረፈረ ይወድቃል። በደነዘዘ መሮ ገፋ ገፋ አድርጉና የቀረውን በናስ ብሩሽ ጥረጉ። የብረት ብሩሽና የብረት ሱፍ አይጠጉ፤ በዋልነትና ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ባላቸው እንጨቶች ላይ የብረት ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። ከልጡ ሥር የሚወጡትን ትናንሽ እሾሆችና ጉብታዎች አትላጩ፤ የጠርዙ ሕይወት እነሱ ናቸው። ከታች በኩል ግን ጠርዙን ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር በ45 ዲግሪ ቀንሱት። ጥላ ይፈጠራል፣ ጣውላው ከወለሉ የተነሣ ይመስላል፣ ስስም ይታያል። በአንድ ሰዓት ሥራ ይህን ያህል መልክ የሚቀይር ሌላ ነገር የለም።

ቀዳዳዎቹን ሁሉ አትድፈኑ። ጠርዝ ላይ ያለ ቀዳዳ እንደ ገደል ይታያል፤ ይቆይ። ሸክላው የሚያርፍበት መሐል ላይ ያለውና ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ግን በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ በሚጠነክር ኮላ) ይሞላ፤ ከጥሩ ሰጋቱራ ወይም ከደረቀ የቡና አተላ ጋር ተለውሶ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አትሙሉ፤ በፍጥነት የሚደርቀው ዓይነት ሲወፍር ይግላል፣ አረፋም ይይዛል። ለፀጉር ስንጥቅ ቀጭን ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ ዳርቻውን እንዳያጠቁረው መጀመሪያ ሼላክ የተባለውን ቫርኒሽ ቀቡበት።

ማለስለስና ቅባት

የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር 80፣ 120፣ 180፣ 240፣ 320፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ብርጭቆ ወረቀቱ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ይጠቅለል፤ በጣት ከተፈተገ ለስላሳው ክፍል ጎድጉዶ ጠንካራው ዓይን ተነሥቶ ይቀራል። ከ180 በኋላ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሱና ሲደርቅ የተነሣውን ክር በ240 አንሡ። ቁጥር አትዝለሉ፤ የ80 ጭረት ዘይት ሲነካው በግልጽ ይታያል።

ለጂኢታ አብረቅራቂ ቫርኒሽ አትጠቀሙ። መብራት ያንጸባርቃል፣ ዓይንን ከዛፉ ይነጥቃል፤ ሲጫርም ለመጠገን አስቸጋሪ ነው። የጃፓን ባለሙያዎች ኡሩሺ የተባለውን የዛፍ ሙጫ እየቀቡ በጨርቅ በመጥረግ ይጨርሱታል፤ ነገር ግን ኡሩሺ ሳይደርቅ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል፣ ለመድረቅም ከ70 እስከ 80 በመቶ እርጥበት ያለው ሣጥን ይፈልጋል። ለቤት ሠሪ የቱንግ ዘይት ወይም የተቀቀለ የተልባ ዘይት ይሻላል። የመጀመሪያውን ዙር ከአኳራጅ ጋር እኩል በእኩል ቀጥኑት። በብዛት ቀቡ፣ 20 ደቂቃ ይጠጣ፣ ከዚያ የተረፈውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እባጭ ዘይቱን በየቀዳዳው ይይዝና መልሶ ይተፋዋል፤ ለሦስትና አራት ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ ካልተጠረገ የሚያጣብቅ ነጥብ ሆኖ ይደርቃል። 24 ሰዓት ጠብቃችሁ ሳይቀጥን ድገሙት፤ ከሦስት እስከ አምስት ዙር። ጀርባውም እንደ ፊቱ ያህል ዙር ይቀባ፤ አለበለዚያ ይጣመማል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል። ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስስ የንብ ሰም በጨርቅ አሹት። ከታች ሦስት የ2 ሚሊ ሜትር የቡሽ ቁራጮች ለጥፉ፤ ሦስት እግር በማንኛውም ወለል ላይ አይንገዳገድም። ትልቅ ጣውላ ከሆነ አራት አድርጉና በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ ፈትኑ።

ዛፉን ሲያስቀምጡ

ዛፉ ጣውላው ላይ እያለ ውኃ አይጠጣም። አስቀድሞ ይጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ይንጠፍ፣ የሸክላው እግር ይድረቅ፤ ከዚያ ይውጣ። ሸክላው መሐል ላይ አይቀመጥ፤ ዛፉ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ሸክላው ወደ ግራ ይጠጋ፣ ክፍት ቦታውም ዛፉ በሚያይበት በኩል ይቅር። የጣውላው ሰፊ ጎንና ጥልቅ ቀዳዳዎች በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ቢውሉ የሜዳና የገደል መልክ ይሰጣሉ። አጠገቡ ትንሽ የሣር ሸክላ የሚቀርብ ከሆነ ሥሩ ሌላ እንጨት ወይም የቀርከሃ ምንጣፍ ይግባ፤ ሁለት እባጭ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይሻማሉ።

እድፍ ከተፈጠረ ነጩ የውኃ ቀለበት በዘይት ሲታሽ ይጠፋል። ጥቁሩ የብረት እድፍ ግን በኦክሳሊክ አሲድ ብቻ ይለቃል፤ ጓንት አድርጋችሁ ቀቡት፣ በብዙ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ያን ቦታም ከ240 ጀምሮ እንደገና አለስልሳችሁ ዘይት አጠጡት።