ቤት የምትውይ እህቴ፣ ቀኑን እንዲህ ያዢው

ባለቤቴ ሥራ ይሄዳል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ እኔ ደብረ ማርቆስ ቤቴ እቀራለሁ። «ስትውይ ምን ትሠሪያለሽ?» የሚለኝ ሰው መልስ አያጣም። ይህን የምጽፈው መልሱ ለጠፋብሽ ነው።

ሳምንቱን በእንጀራ ጀምሪው። ሊጥ ሦስት ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመጋገሪያሽ ቀን ከታወቀ የማቡኪያሽም ታወቀ። እኔ ሰኞ ማታ አቦካለሁ። ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ክረምት ላይ አንድ ቀን እጨምራለሁ። ሐሙስ ማለዳ ያቀረረውን ውኃ እደፋና ከሊጡ ቀንሼ፣ በውኃ አቅጥኜ፣ እሳት ላይ እያማሰልኩ አብሲት እጥላለሁ። በርዶ ከሊጡ ጋር ሲቀላቀል ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት አልጠርግም፣ ሽንኩርት አልከትፍም። ያ ሰዓት የራሴ ነው።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የታጠበው ይቆሽሻል፣ የተጋገረው ይበላል። ሆድ የሚያስብሰው የሥራው ብዛት አይደለም፤ ማታ ዞር ብለሽ ስታዪ የዋልሽበት አለመታየቱ ነው። ስለዚህ እየጨመረ የሚሄድ አንድ ሥራ ያዢ። የእኔ ፈትል ነው። ጥጡን እነድፋለሁ፣ አመልማሎውን እጠቀልላለሁ፣ ከዚያ እንዝርቴን አሾራለሁ። አዲስ ከሆንሽ ድሩን ከገበያ ግዢና ማጉን ብቻ ፍተዪ፤ ድር ቀጭንም ጠንካራም መሆን ስላለበት ለጀማሪ እጅ ይበጣጠሳል። ጋቢም አትጀምሪ። አራት እጥፍ ነው፣ ፈትል ይፈጃል። ነጠላ ይቅደም። ማጉ ሲበቃ ለሸማኔ ትሰጫለሽ፤ ነጠላው ሲመጣ እናትሽ ትለብሰዋለች። እንዝርት ካልሆነልሽ ስፌት አለ፤ የስፌቱን ሣር፣ አክርማና ሰንደዶውን፣ ክረምቱ ሲወጣ አስቀድመሽ ያዢ።

ለወሩ ደግሞ በዓላቱ አሉልሽ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። በእነዚህ ቀናት እኔ እንዝርት አልነካም፤ ዕረፍት ቀን ካልተቆረጠለት አይገኝም። አንድ ማኅበር ግቢ፤ ተራሽ ሲደርስ የምታስተናግጃቸው፣ ስትታመሚ የሚጠይቁሽ ሰዎች ይኖሩሻል። የጎረቤት ቡና ግን ሰዓት ይኑረው። ጠዋት ከተጀመረ ቀኑን ይበላዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሩ ነው።

የገንዘቡን ነገር አትፍሪው። የአስቤዛው ሌላ ነው፣ የዕቁብሽ ሌላ ነው። በስምሽ የሚጣል ዕቁብ ከደመወዙ እንዲወጣ ባልሽን ጠይቂው። ይህ ልመና አይደለም። በቤተሰብ ሕጉም በትዳር ጊዜ ባልና ሚስት ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ጠዋት እየሮጠ ሳለ አታንሺበት፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ በፊት ግን የአንድ ወር ወጪሽን በደብተር ጻፊ። የዘይቱን፣ የበርበሬውን፣ የወፍጮውን ሳይቀር። ወሬውን ከደብተሩ ጀምሪው።