ስቴት ሩት 555ን ለምትነዱ

ኮሎምበስ አካባቢ ያላችሁ፣ ከዜንስቪል ወደ ሊትል ሆኪንግ የሚወርደውን የኦሃዮ ስቴት ሩት 555 ለመንዳት ካሰባችሁ ዜንስቪል ላይ ነዳጅ ሞልታችሁ፣ ካርታውንም ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ተነሱ። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማደያ እንደልብ አይገኝም።

ከሁሉም በላይ የምትጠነቀቁት የኮረብታ ጫፍ ላይ ነው። ሰማይ ብቻ እያያችሁ ትወጡና ልክ ጫፉን ስታልፉ መንገዱ ወደ ጎን ይታጠፋል። ስለዚህ ገና ዳገቱ ላይ ሳላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ካለፋችሁ በኋላ ፍሬን ብትይዙ ጊዜው አልፏል። ቢጫው ምልክት ላይ የተጻፈውን ፍጥነት የምር አክብሩት።

መንገዱ ላይ ባለችው ቼስተርሂል መንደር አካባቢ አሚሾች (መኪና የማይነዱ የክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላት) በፈረስ ጋሪ ስለሚሄዱ ከጫፉ ማዶ ጋሪ ሊገጥማችሁ ይችላል። እባካችሁ ራቅ ብላችሁ እለፉ፤ ፈረሱን በክላክስ አታስደንግጡት።