ቀለም ያለበትን የፋብሪካ ፍሳሽ በገለባ ስናጣራ የምንሠራቸው ስህተቶች

የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ረግረግ ነው የሚሄደው። ጨፋ ላይ ደግሞ ከብት ይጠጣዋል። ስለዚህ የወሎ ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ የጨርቃጨርቅ ቀለምን በእርሻ ተረፈ ምርት ማጣራትን ስትመርጡ በጣም ደስ ይለኛል። ግን እባካችሁ እነዚህን ነገሮች ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ጥቅም ያለውን ነገር ተረፈ ምርት ነው ብሎ መነሳት። የጤፍ ጭድ እኛ ጋ የከብት መኖ ነው፣ ለቤት ምርጊትም ከጭቃ ጋር ይቦካል። የማሽላ አገዳም ይበላል፣ ይነድዳል፣ አጥር ይሆናል። ገበሬው በበጋ የሚሻማበትን ነገር ለማጣሪያ ከምትወስዱበት ከጁስ ቤት የሚጣለውን የሙዝ ልጣጭ ወይም የጫት ገረባ ሞክሩ።

ሁለተኛ፣ በደንብ ሳያጥቡ መጠቀም። ያልታጠበ ገለባ ራሱ ቡናማ ቀለም ይለቃል። የምታጥቡበት ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙ፣ አድርቁ፣ ፍጩ፣ ንፉ። ከዚያ ገለባውን ቀለም በሌለው ውሃ ውስጥ ብቻውን ከታችሁ የሚለቀውን ቀለም ለኩ። ማጥለያ ወረቀቱም ቀለም እንደሚይዝ አትርሱ፣ ካልለካችሁት ወረቀቱ የያዘው ሁሉ ለገለባው ይቆጠርለታል።

ትልቁ ስህተት ግን ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን የቤተ ሙከራ ሰማያዊ ቀለም በተጣራ ውሃ በጥብጦ፣ እሱን አጽድቶ፣ «የፋብሪካ ፍሳሽ አጸዳሁ» ብሎ መጻፍ ነው። ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ የገለባ ገጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው፣ ስለዚህ ሳይቸገር ይጣበቃል። ጥጥ በብዛት የሚቀለምበት ሪአክቲቭ ቀለም ግን እሱም ኔጌቲቭ ስለሆነ ከገለባው ጋር ይገፋፋል። በዚያ ላይ ማቅለሚያው ጨውና ሶዳ ስለሚፈልግ ፍሳሹ ጨው የበዛበትና አልካላይን ሆኖ ነው የሚወጣው። በአሲድነት መለኪያው ፒኤች 2 (አሲዳማ) ላይ አሪፍ የሠራ ገለባ ፒኤች 10 (አልካላይን) ላይ ዝም ሊል ይችላል። አሲድ ጨምሬ አወርደዋለሁ ካላችሁ የአሲዱንም፣ ፒኤቹን መልሶ የማስተካከሉንም ወጪ ቁጠሩ። ከተቻለ ፈቃድ ጠይቃችሁ እውነተኛውን ፍሳሽ አምጡና ሞክሩ።

በመቶኛ ብቻ መኩራራትም አለ። በሊትር 100 ሚሊግራም ቀለም ካለበት ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 1 ግራም ገለባ ብትጨምሩና 95 በመቶው ቢወገድ፣ አንድ ግራም ገለባ የያዘው 4.75 ሚሊግራም ብቻ ነው። በ0.1 ግራም 60 በመቶ ብታስወግዱ ግን 30 ሚሊግራም በግራም ይሆናል። መቶኛውንም፣ በአንድ ግራም ገለባ የተያዘውንም ጻፉ።

የመጨረሻው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ገለባውን የትም መጣል። ቀለሙ እኮ ከውሃው ወደ ገለባው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ወንዝ ዳር ከተከመረ ክረምት ሲገባ ጎርፍ መልሶ ቦርከና ውስጥ ይከተዋል። ለከብት አትስጡት፣ ማሳ ላይም አትበትኑት። ገለባውን አጥቦ እንደገና መጠቀም ይቻላል፣ ግን የታጠበበት ውሃም ቀለም አለበትና እሱን ምን እንደምታደርጉት ሥራውን ሳትጀምሩ ወስኑ።