ጣሊያን ሄዳችሁ የሬነሳንስን ጥበብ ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሬነሳንስ የምንለው በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጣሊያን ውስጥ ያበበውን የጥበብ ዘመን ነው። የዚያ ዘመን ሥዕሎች የሞሉበት ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም መጀመሪያ የገባሁ ቀን አንድም ክፍል ሳይቀረኝ አዳረስኩት። ማታ ያየሁትን ላስታውስ ብል ከቦቲቼሊ የቬነስ ልደት በቀር ጥርት ብሎ የመጣልኝ ሥዕል የለም። በጣም ቆጨኝ። ከዚያ በኋላ በሄድኩባቸው ጊዜያት አካሄዴን ቀየርኩ፤ እናንተ ገና ከመጀመሪያው እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር

አትችሉም። አምስት ሥራ ምረጡና እያንዳንዱ ፊት አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ቁሙ። መጀመሪያ እጆቹን እዩ፣ ቀጥሎ ማን ወደ ማን እንደሚያይ፣ ከዚያ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደሚመጣ። ስልካችሁን መጨረሻ ላይ አውጡት። ቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥማ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ፣ ሚኬላንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሣለውን ጣሪያ በዓይናችሁ ብቻ ነው የምታዩት።

ሥራው ለአንድ ለተወሰነ ቦታ እንደተሠራ መርሳት

ይሄ ለእኔ ትልቁ ስህተት ነው። አብዛኞቹ ሥራዎች ለሙዚየም አልተሠሩም። ለመሠዊያ፣ ለመነኩሴ ክፍል፣ ለምግብ አዳራሽ፣ ለአደባባይ ነው የተሠሩት። የሊዮናርዶን የመጨረሻ እራት ውሰዱ። ሚላን ውስጥ በአንድ ገዳም መመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው ያለው። መነኮሳቱ በዝምታ ሲመገቡ ከፊት ለፊታቸው ጌታ ከሐዋርያቱ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጦ ያዩ ነበር። ይህን ስታውቁ ሥዕሉ ሌላ ይሆናል። ደግሞ ቀለሙ ደብዝዞ ስታገኙት አትዘኑ። ሊዮናርዶ እንደ ደንቡ በእርጥብ ልስን ላይ ሳይሆን በደረቅ ግድግዳ ላይ ስለሣለው ብዙም ሳይቆይ መርገፍ ጀምሯል።

ዳዊትም እንዲሁ ነው። ሚኬላንጄሎ ከ1501 እስከ 1504 የሠራው ይህ ከአምስት ሜትር በላይ የሆነ ሐውልት መጀመሪያ የታሰበው ለፍሎረንስ ካቴድራል ነበር፣ ያውም ከፍ ብሎ ጣሪያው አካባቢ እንዲቆም። ጭንቅላቱና ቀኝ እጁ ከሰውነቱ ጋር ሲተያዩ ተለቅ ያሉት ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ታስቦ ነው የሚሉ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። በነገራችን ላይ ዛሬ ፍሎረንስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂ ነው፤ ዋናው ከ1873 ጀምሮ አካዴሚያ በሚባለው ሙዚየም ውስጥ ነው።

እና እባካችሁ አብያተ ክርስቲያናቱንና ገዳማቱን አትዝለሉ። ቬኒስ ፍራሪ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። የቲሺያን የማርያም ዕርገት፣ ወደ ሰባት ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው፣ በ1518 የተሰቀለው፣ ዛሬም የተሠራለት መሠዊያ ላይ ነው ያለው፤ ከበሩ ጀምራችሁ ወደ ውስጥ ስትራመዱ ቀይ ልብሷ ከሩቅ ይጠራችኋል። ፍሎረንስ ደግሞ የቅዱስ ማርቆስ ገዳም አለ። ፍራ አንጀሊኮ ራሱ መነኩሴ ነበር፣ በረዳቶቹ እየታገዘም የወንድም መነኮሳቱን መኖሪያ ክፍሎች በሥዕል ሞላቸው። ደረጃውን ወጥታችሁ ስትጨርሱ ብሥራቱን ታገኛላችሁ። ቅዱስ ገብርኤልና እመቤታችን። ከሥሩ የተጻፈው ጽሑፍ በዚህች ሥዕል ፊት ስታልፍ የመልአኩን ሰላምታ ሳትል እንዳትቀር ይላል። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» እየተባለ ሲጸለይ ሰምቶ ላደገ ሰው ይሄ አስተርጓሚ አይፈልግም። እኔ እዚያ ደረጃ ላይ ቆሜ እንባዬ መጥቷል።

«ፎቶ ይመስላል» ብሎ ማለፍ

ወይም የባሰው፣ ይህን አይቶ የኛን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል «ያልዳበረ» ማለት። ማሳቺዮ በ1427 ገደማ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴን ሲሥል፣ ግድግዳው ተቦርቡሮ ከኋላው ሌላ ክፍል ያለ አስመስሎታል። ድንቅ ነው። ግን ይሄ ርቀትን የማሳያ ዘዴ አንድ መሣሪያ ነው፣ የጥበብ ሁሉ መለኪያ አይደለም። የኛ ሠዓሊ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን የሚሥለው አቅቶት አይደለም። ሊናገር የፈለገው ሌላ ስለሆነ ነው።

አንድ ብቸኛ ጎበዝ ሁሉን ሠራው ብሎ ማሰብ

ሠዓሊው ወርክሾፕ ነበረው፣ ተማሪዎች ነበሩት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አሠሪ ነበረው። ጊርላንዳዮ በ1485 ፍሎረንስ ላለው የሕፃናት ማሳደጊያ የሰብአ ሰገልን ስግደት ሊሥል ሲዋዋል፣ ሰማያዊው ቀለም በአንድ ወቄት አራት ፍሎሪን (የፍሎረንስ የወርቅ ሳንቲም) ገደማ የሚያወጣው ኡልትራማሪን እንዲሆን ውሉ ላይ ሰፍሯል። ቀለሙ የሚሠራው ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ዛሬ አፍጋኒስታን ከምንላት አገር፣ ከባዳክሻን ተራሮች ተነሥቶ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ በቬኒስ ነጋዴዎች እጅ ይገባል። ኡልትራማሪን ማለት ራሱ «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው። የእመቤታችንን ሰማያዊ ልብስ ስታዩ ይህን ሁሉ መንገድ አስቡት።

የአውሮፓ ብቻ አድርጎ ማየት

ሜዲትራኒያን መገናኛ ነበር። ኡፊዚ ውስጥ ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ በ1423 የሠራው የሰብአ ሰገል ሥዕል አለ። የእመቤታችንን አክሊለ ብርሃን ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ አረብኛ በሚመስሉ ፊደሎች ያጌጠ ነው። ራፋኤል በአቴና ትምህርት ቤት ሥዕሉ የግሪክ ፈላስፎችን ሲሰበስብ ሙስሊሙን ፈላስፋ ኢብን ሩሽድን አልረሳውም። ሠዓሊውን ጄንቲሌ ቤሊኒን ደግሞ ቬኒስ ራሷ ኢስታንቡል ልካው የኦቶማኑን ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊን መልክ ሥሏል።

እኛም እዚያ ነበርን። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። ቬኒሳዊው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጥቶ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሥል ኖሯል።

ሳይዘጋጁ መሄድ

የመጨረሻ እራት ያለ ቀጠሮ አይታይም፣ ስትገቡም የሚሰጣችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቲኬቱን አስቀድማችሁ ያዙ። ሳንቲም ከኪሳችሁ አይጥፋ፣ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሥዕሉ መብራት በሳንቲም ነው የሚበራው። ትከሻ ሳይሸፈን ቫቲካን ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ ነጠላ ያዙ።

ቅዱስ ጴጥሮስ ስትደርሱ ደግሞ ሁሉም ሰው በስተቀኝ ወዳለው የሚኬላንጄሎ ፒዬታ (እመቤታችን የልጇን አስከሬን ታቅፋ የምትታይበት ሐውልት) ነው የሚጣደፈው። እናንተ ከመግባታችሁ በፊት መካከለኛው የነሐስ በር ጋ ቁሙ። ቀራጩ ፊላሬቴ በ1445 የጨረሰው ነው። በትልልቆቹ ምስሎች መካከል ባሉት ጠባብ ሰቆች ላይ ትንንሽ ሰዎች ተቀርጸዋል። በ1441 አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ ለተጠራው ለፍሎረንስ ጉባኤ ከግብፅና ከኢየሩሳሌም የመጡት መነኮሳት እዚያ አሉ፣ የኛዎቹም ከነሱ ጋር።